ለጋሽ ተክሌ ቀብር ያልላክሁት ግጥም

ጠዋት አፍንጮ በር ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የተደወለልኝ። «ጋሽ ተክሌ አረፉ» ሲሉኝ «የትኛው ጋሽ ተክሌ?» አልኩ፤ ሌላ ጋሽ ተክሌ እንደሌለ እያወቅኩ። ከትናንት በስቲያ እኮ ደውለው ሲቀልዱብኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ የእሪ በከንቱ ዕድራችን ሊቀመንበር ነበሩ። ሰፈሩ ፈርሶ በየኮንዶሚኒየሙ ስንበተን ዕድሩ እንዳይበተን ያደረጉት እሳቸው ናቸው።

የሰፈራችን ገጣሚዎች ከጠዋት ጀምሮ እየለጠፉ ነው። መሪ ሲሞት ገጣሚ ሁሉ ዛፍ ፍለጋ ይወጣል፤ እስካሁን ሦስት «ዋርካው ወደቀ» አይቻለሁ። ጋሽ ተክሌ ቢያነቡት ምን እንደሚሉ አውቃለሁ፦ «ሰው ሞተ በሉ። ዋርካ ተሸክመን ቀብረን እናውቃለን?»

በየለቅሶው ግጥም ለምናነበው አንድ ምክር ነበራቸው። «ሟችን አታስረዝሙት፣ አታሳጥሩትም። በቁመቱ ቅበሩት።»

እናቴ ስትሞት ግን ይህን ረሱት። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ግጥሜን ተቀብለው አነበቡና በቀይ እስክሪብቶ አራት መስመር ሰረዙ። እናቴ ለዕድሩ ለቅሶ ሁሉ ድስት ስትጥድ ኖራ አንድም ቀን ስብሰባ ላይ ወንበር እንዳልተሰጣት የሚናገሩትን።

«ለቅሶ ላይ ክስ አይቀርብም፣ ባለዲግሪዋ» አሉኝ።

የቀረውን አነበብኩ። እናቴን አሳጥሬ ቀበርኳት።

ሁለት ዓመት አላናገርኳቸውም። ባለፈው ክረምት ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒው ላይ ማኪያቶ ስጠጣ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አሁንም ኩርፊያ ነው?»

«አዎ።»

«ደግ አደረግሽ። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ስሞት ግጥሙን አንቺ ታነቢያለሽ። አራቱን መስመር ትመልሻለሽ፣ ማን እንደሰረዛቸውም ትናገሪያለሽ።»

ይህን ሲሉ ከኔ በቀር የሰማ የለም።

ቅድም የዕድሩ ጸሐፊ ደወለ። «ግጥሙን ዛሬውኑ ላኪልን፣ እናየዋለን። ጋሼን የሚያስቀይም ነገር እንዳይኖርበት።» ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ ብል ማን ያምነኛል? ሬሳ ላይ ቂሟን ተወጣች ነው የምባለው። ልጆቻቸው ደግሞ ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

ግጥሙን ግን አልላክሁም።

ጋሼ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዤ እቆማለሁ። ዕድሩን ከመበተን እንዳዳኑት እናገራለሁ፤ እናቴን እንዳሳጠሯትም፣ ባንኮኒው ላይ ያሉኝንም። ሰዉ ቢያጉረመርም፣ ድምፄም ቢሰበር፣ አራቱን መስመር ሳላነብ አልቀመጥም።

ደህና ይረፉ። በቁመትዎ ነው የምቀብርዎት።