ድምፅ የማያሰማ የቡና መፍጫ

እናቴ አገሯ ደራ ብቻዋን ወድቃ ጎረቤት ካነሳት ወዲህ አዳማ፣ እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ገብታለች። እሷን ለማምጣት ያልተሳልኩለት ታቦት የለም። ሙቀጫና ዘነዘናዋን ይዛ መጣች። ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ቆልታ ትወቅጣለች፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ከእኛ በታች የምትኖረው ነርስ በሩን አንኳኳች። ሌሊት ሥራ አድራ የምትተኛው ጠዋት ነው።

«እማማ፣ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን የሚወቅጡት እኔ ጭንቅላት ላይ ነው» አለች።

እናቴ በኀፍረት ልትሞት ደረሰች። ልጅቱ እንደወረደች፣ «ሰው እየረበሽኩማ አልቀመጥም፤ ወደ ቤቴ መልሰኝ» አለችኝ። ቡናው ይቅርብሽ ብላት እሷም ትቀርብኛለች። በነጋታው መፍጫ ልንገዛ ወጣን።

ባለሱቁ መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን አወጣ። «ኦርጅናል ነው እማማ! የማይፈጨው የለም፤ በርበሬ ቢሉ፣ ተልባ ቢሉ!»

«እንግዲህ ቡናዬ በርበሬ በርበሬ ሊል ነው» አለች ወደ እኔ ዞራ።

ሰውየው አልሰማትም፤ ሰክቶ ተጫነው። ወይ ጉድ! ደጅ የቆመ የባጃጅ ሾፌር ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አየ። «ይኼማ ልጅቱን ጭራሽ ይገድላታል» አለች እናቴ።

ቀጥሎ በእጅ የሚዞር ትንሽ መፍጫ መጣ። ቡና ጨምራ፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዞረችው። ዱቄቱን በጣቷ አሸት አድርጋ፣ «አልላመም፤ አተላው ይረጋል» ብላ ፈቀደች። ከዚያ ወለሉ ላይ አስቀምጣው ጎንበስ በል አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሱቅ ውስጥ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ።

«ይሰማል?» አለች እያዞረችው።

«ኧረ ምንም!»

ባለሱቁ ስለ ዋስትና ማውራት ጀምሮ ነበር፤ ተወው።

በማግስቱ ጠዋት ቡናው ያለ ኮሽታ ተፈጨ። ጀበናው እንደወረደ እናቴ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ወዴት ነው ብዬ ስከተላት የነርሷን በር እየደበደበች ነው። ማንኳኳት አይባልም። ልጅቱ ዓይኗን እያሸች ከፈተች።

«ስፈጭ ሰማሽ?»

«ኧረ አልሰማሁም እማማ፤ ተኝቼ ነበር።»

«እሰይ! በይ ነይ፣ ቡና ጠጪ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጅቱ ግን ሳቋ መጣ። ጋቢዋን እንደደረበች ተከትላን ወጣች፤ አቦሉን ጠጥታ ሳትጨርስ ሶፋችን ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት። እናቴ ስኒውን ከእጇ ቀስ ብላ ወስዳ እግሯን ሸፈነችላት።

«እኔ ደራ ብሄድ ይቺን ማን ያያታል?» አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

እግሯ ላይ ወድቄ የለመንኳት አንድ ልጇ እኔ ነኝ። መሄዱን የተወችው ግን ለጎረቤት ልጅ ብላ ነው። ከልቤ ተቀየምኩ። ስኒዎቹን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና በደስታ አለቀስኩ።