ዋግ በመታን ሰሞን

ሊያስሩኝ የመጡት ቁርስ ሳልበላ ነው። ሁለት ሆነው በሩ ላይ ቆሙና አንደኛው፣ ከሰፈር የማውቀው ፖሊስ፣ "ጋሼ፣ ለትንሽ ጥያቄ ነው" አለኝ። ትንሽ ጥያቄ! ባለቤቴ ከኋላዬ "ጃኬትህን ደርብ" አለች። ዕድሜ ይስጣት፤ አሰላ ላይ ያለ ጃኬት የሚታሰር ብርዱን የማያውቅ ሰው ነው።

መደበኛው እስር ቤት ሞልቷል ተብሎ የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት የሻገተ ስንዴ ሽታ መታኝ። ከሲሚንቶው ስንጥቅ ነቀዝ እየወጣ በሰዎች ፍራሽ ላይ ይንሸራሸራል። እኔ ደግሞ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከነቀዝ ጋር ስዋጋ ኖሬ ከነቀዝ ጋር አሰሩኝ። ሳቄ መጣ፤ ጠባቂው "ምን ያስቅሃል?" ብሎ ገፈተረኝ።

ወንጀሌ ይኸውላችሁ። በዚያ ሰሞን ቢጫ ዋግ ገብቶ ነበር። ስንዴው ገና ፍሬ ሳይዝ ቅጠሉን የሚያጠቃ በሽታ ነው፤ ቢጫ ዱቄት የመሰለ ነገር በቅጠሉ ላይ በመስመር በመስመር ይወጣል። ቶሎ ካልተረጨ ገበሬው የሚያጭደው ገለባ ብቻ ነው። እኛ በአማርኛም በኦሮምኛም "ርጩ፣ እባካችሁ ርጩ" እያልን ጉሮሯችን ደርቋል። በዚህ መሃል ሰውዬው፣ የአካባቢያችን ፖለቲከኛ፣ ከአሰላ ወጣ ብላ ባለችው ኢተያ ላይ ስብሰባ ጠራ። ስሙን አልጠራውም፤ አፌን ማቆሸሽ ነው።

ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰውዬው ጫማውን አወለቀ። አፈር ዘግኖ ደረቱ ላይ አሸ። አለቀሰ። "አባቶቻችን መርዝ ሳይረጩ አሳድገውናል!" አለ። "ዛሬ ተምረናል ባዮች መጥተው፣ አባቴ፣ ማረስ አታውቅም ይሉሃል! ስንዴህ ቢጫ ሆነ ብለው ያስፈራሩሃል! ለመሆኑ ስንዴ ቢጫ ካልሆነ መቼ ሊታጨድ ነው?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እልልታው! ፉጨቱ! አላስቻለኝም። ብድግ አልኩና "ፍሬ ሳይዝ ቢጫ የሆነ ስንዴ አይታጨድም፤ ሞቷል!" ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው በድምፅ ማጉያው "ወይ ምሁር!" አለ። እንደገና ሳቅ። ከኋላዬ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ በጆሮዬ ስር አለፈ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይላሉ አበው፤ እኔም በማግስቱ መጋዘን ውስጥ መሸብኝ። ክሱ "ሕዝብን መናቅና ማሸበር" የሚል ነበር።

ስድቡንስ እርሱት። እስከ ዛሬ የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ነው። ሰውዬው ራሱ ግብርና የተማረ፣ ባለ ዲግሪ ነው። ከስብሰባው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሮዬ መጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ስለ ቤተሰቡ ማሳ አማክሮኛል። የመድኃኒቱን ዓይነት ነገርኩት፤ አስረጨ። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ማሳው ለምለም፣ ዓይን የሚያጠግብ ነበር። ከዚያ ወጥቶ መድረክ ላይ አለቀሰ። ዓይን አውጣ! ይህን ለመርማሪው ብነግረው "ማን ያምንሃል?" ብሎ ብዕሩን አስቀመጠ።

መጋዘኑ ውስጥ ከጎኔ የሚተኙት አንድ የኢተያ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ።

"በምን ገባህ?" አሉኝ። የገባ ሁሉ የሚጠየቀው ነው።

ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ። "አንተ ነህ እንዴ ያ ምሁር?"

"እኔ ነኝ።"

"ወላሂ፣ ፕላስቲኩን የወረወርኩት እኔ ነኝ።"

"አልመታኝም እኮ፣ አባባ።"

"አውቃለሁ። ዓይኔ ደክሟል።"

"እርስዎስ በምን ገቡ?"

"ከስብሰባው ስመለስ አንዱ የግብርና ልጅ መርጫ ተሸክሞ ማሳዬ ውስጥ ቆሟል። መርጫውን በዱላ ሰበርኩት። የመንግሥት ንብረት ነው አሉኝ።" ይህን ብለው ፍራሻቸውን ከፍራሼ አራቁና ጀርባቸውን ሰጡኝ።

ምግብ የሚያመጡላቸው ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ጠዋት በብረት ፍርግርጉ በኩል ሳህኑን ሲያቀብሏቸው የቀሚሳቸው ጠርዝ እስከ ጉልበታቸው ቢጫ ሆኗል። በማሳው መሃል አቋርጠው ነው የመጡት። ሽማግሌው ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። ጎንበስ ብለው እጃቸውን በፍርግርጉ ሰደዱና ቀሚሱን ዳበሱት። ጣታቸው ቢጫ ሆኖ ተመለሰ።

"ያ ረቢ" አሉ። "ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ሰሞኑን ነው። የላይኛው ማሳ ሙሉ በሙሉ ተይዟል። የታችኛው ገና እየጀመረው ነው" አሏቸው።

ከዚያ ስንዴ ሌላ ምንም የላቸውም። የዓመት ቀለባቸው እሱ ነው፣ ዘራቸው እሱ ነው። ምግቡን አልነኩትም። ቀኑን ሙሉ ጣታቸውን እያዩ ተቀመጡ። "አባባ" ስላቸው "ተወኝ!" አሉኝ። እኔን መጠየቅ አፍረው ስንዴው እየሞተ ነበር።

በማግስቱ ሰውዬው ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ መጣ። እኛን እስረኞቹን ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ሰውዬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ ሽቶው ጉሮሮዬ ድረስ ገባ።

"ምን አደከመህ? ሕዝቡን ንቄያለሁ፣ ይቅርታ በልና ምሳህን ቤትህ ብላ።"

"ማሳህ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ፈጣሪ ይመስገን፣ በጣም ጥሩ ነው" አለኝ፣ ፈገግ ብሎ። አያፍርም እኮ!

ካሜራው ሲበራ ፊቱ ላይ ሐዘን መጣ። ይሄኔ ሽማግሌው ከሰልፉ ወጡ። "ጌታዬ፣ ስንዴዬን ዋግ መታው። ምን ላድርግ?"

ሰውዬው ጥምጥም አለባቸው። "አባቴ!" እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ከየት እንደሚያመጣው እሱ ይወቅ። "የእርስዎ ስንዴ የእኔ ስንዴ ነው! የእርስዎ እንባ የእኔ እንባ ነው! እኚህን አባት ያሰረ ማነው? አሁኑኑ ይፈቱ!" ጠባቂዎቹ አጨበጨቡ፤ እነሱ ራሳቸው አሳሪዎቹ።

ሽማግሌው እንደታቀፉ "እሺ፣ ተባረክ። ግን ምን ላድርግ?" አሉ።

መልሱ ሌላ እቅፍ ነበር። ከዚያ ካሜራው ወደ እኔ ዞረ፤ ሰውዬው "ወንድማችን ለሕዝቡ የሚለው አለው" አለ። ምሳዬን አሰብኩ፣ አልዋሽም። ባለቤቴንም አሰብኩ። የሽማግሌውን ጣት ሳይ ግን ሌላ ቃል ወጣኝ።

"አባባ" አልኩ፣ "የላይኛውን ማሳ ይተዉት፤ አልፎበታል። የታችኛውን ሳይውል ሳያድር ይርጩ። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ፣ ነፋስ ሳይነሳ። እኚህ ሰውዬ ለራሳቸው ማሳ ያስረጩትን መድኃኒት ይግዙ፤ የዋግ መድኃኒት ብለው ይጠይቁ። ለእሳቸውም የነገርኳቸው እኔ ነኝ።"

ካሜራው ጠፋ። ማንም አልመታኝም። ሰውዬው እንባውን በመሐረብ ጠረገና "ምሁር መቼም አይማርም" አለ። ጠባቂዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው ወደ እኔ ሳይዞሩ በበሩ ወጡ። እኔ ወደ ነቀዜ ተመለስኩ፤ የተፈታሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው።

ሰውዬው ዛሬም ይናገራል፤ ዛሬም ያለቅሳል። በቅርቡ፣ የዘር ወቅት ሲቃረብ፣ ኢተያ ላይ በሥራ ሳልፍ ሜዳው እንደገና ሞልቶ አገኘሁት። ከዳር ቆመው ከሚያጨበጭቡት መሃል ሽማግሌውን አየኋቸው። ደሜ ፈላ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

"አባባ፣ ያኔ ስንዴው እንዴት ሆነ?"

አወቁኝ። "አልሃምዱሊላህ፣ የታችኛው ተርፏል። ማንም ሳያየኝ በማለዳ ረጨሁት።"

"ጎረቤቶችዎስ?"

"እነሱ ገለባ አጨዱ።"

"እና ለዚህ ሰውዬ ያጨበጭባሉ?"

"የሚዋሽ መሆኑ የጠፋኝ መሰለህ?" አሉ። "አንተ ስለ ስንዴዬ ነገርከኝ። እሱ ስለ እኔ አለቀሰ።"

"የውሸት እንባ እኮ ነው!"

"ይሁን። የውሸትም ቢሆን ስለ እኔ ያለቀሰ ሌላ ሰው አሳየኝ።"

በእሳቸው ልቆጣ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። ሰውዬውን ግን የዚያን ቀን ይበልጥ ተጸየፍኩት። የሰው ብሶት የት እንዳለ ከእኛ ሁሉ በላይ ያውቃል፤ አውቆም ይነግድበታል።

ልሄድ ስል እጅጌዬን ያዙኝ። ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዘንድሮስ ዋግ የሚችለው የትኛው ዘር ነው?"

በዙሪያችን የቆመው ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።