በራሷ ፈቃድ ብዬ የጻፍኩት

አምቦ ውስጥ ሲቪክስ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሕገ መንግሥት እንዴት ይለወጣል የሚለው ርእስ ላይ ስደርስ ሰሌዳውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። በግራ በኩል በሥርዓቱ የሚደረገውን ማሻሻያ እጽፋለሁ፤ መሠረታዊ መብቶችን ለመንካት የክልል ምክር ቤቶች በሙሉ በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። በቀኝ በኩል ቃሉ ሳይነካ የሚመጣውን ለውጥ እጽፋለሁ። ወረርሽኙ በገባበት ዓመት ምርጫው የተራዘመው ሕገ መንግሥቱ ተተርጉሞ እንጂ አንቀጽ ተሽሮ አለመሆኑን አነሳለሁ። ልማድም ሕግን ይለውጣል፤ ማንም የማይሠራበት አንቀጽ ተጽፎም እንደሌለ ነው እላለሁ። ይህን ስናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ አዋቂ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አባታችን በትውልድ ቦታችን በእጃጂ ሲያርፍ ሦስት ልጆች ቀረን፤ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህታችን። የእህቴ ባል ሹፌር ነበር፤ ሲሞት መሬት አልተወላትም። እሷ እዚያው እጃጂ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፤ ትልቋ ልጇ ግን አምቦ እኔ ቤት ሆና ትማር ነበር። ተዝካሩ እንዳለፈ እህቴ ከአባቴ መሬት ድርሻዬን ስጡኝ አለች።

በእኛ ዘንድ በልማድ መሬት የወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ የሚደርሳት የወንድሞቿ በር ነው፤ ብትፈታም ብትታመምም ትመለስበታለች። ድርሻ የጠየቀች ግን በሩን በገዛ እጇ እንደዘጋች ይቆጠርባታል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ግማሽ ቀን ሲመክሩ ውለው፣ አንዲት ጊደር ትሰጣትና መሬቱን ትተው አሉ።

«ኢንተላ ኮ፣» አሏት ትልቁ ሽማግሌ፣ በኦሮምኛ «ልጄ» ብለው አባብለው፣ «የወንድም በር ከመሬት ይበልጣል።»

«ጊደሯ ታርስልኛለች?» አለች እህቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? የምታስተምረው ምን ይላል?»

ምን እንደሚል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ሴት በመሬትም በውርስም ከወንድ እኩል ናት ይላል። ታላቅ ወንድሜ ያየኛል። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ ምን ይባላል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ይባስ ብሎ ጽሕፈቱ ያምራል ተብዬ ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድርሻዋን «በራሷ ፈቃድ» እንደተወች አሰፈርኩ። እሷም ፈረመች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ቢጤ ነው።

በዓመቱ የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባችና እኔው አስተማርኳት። ፈተና ላይ፣ ሕገ መንግሥት ያለ ምክር ቤት ድምፅ የሚለወጥበትን አንድ መንገድ በምሳሌ አስረዱ የሚል ጥያቄ አወጣሁ። ተማሪው ሁሉ ስለ ምርጫው መራዘም ጽፎ የራሴኑ ቃል መለሰልኝ። የእሷ መልስ ግን አጭር ነበር፤ «መንገዱ ልማድ ነው። ምሳሌ፦ አጎቴ እናቴን እንዳስፈረማት።»

መልሱ ትክክል ስለሆነ ሙሉ ማርክ ሰጠኋት። በጣም አፈርኩ። ቅዳሜ እጃጂ ሄጄ እህቴን ክሰሺን አልኳት። ደግሞ ምን ልታስፈርመኝ መጣህ ብላ ልክ ልኬን ነገረችኝ። እሺ ያለችው ሦስት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው።

መሬቱ በፍርድ ለሦስት ተከፍሏል። ታላቅ ወንድሜ ዛሬም ሰላም አይለኝም፤ ይከፋኛል፣ ግን አልፈርድበትም። በችሎቱ ቀን ያን የጻፍኩትን ውል ማስረጃ ብሎ ያቀረበው እሱ ነበር። ዳኛዋ ማን ጻፈው አሉ፤ እኔ ነኝ አልኩ። በፈቃዷ ነው ወይ የፈረመችው አሉ፤ አይደለም አልኩ። ቀጥለው ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን ዓይኔ እሳቸው የያዙት የእጅ ጽሕፈቴ ላይ ቀረ። እህቴ ከተቀመጠችበት መለሰችልኝ።

«ሕገ መንግሥት ያስተምራል።»