የአኮርዲዮኑ ዜማ ባለቤት

በግራ እጇ የሱሪውን እግር ወጥራ ይዛ፣ በቀኟ በምላጭ የድሮውን ስፌት ትፈታለች። ምላጩ ጨርቁን እንዳይነካ ትንፋሿን ዋጥ እያደረገች፣ የተበጠሰውን ክር እየለቀመች ጉልበቷ ላይ ትከምረዋለች። ሻሿ ላይ የደፋችው የጆሮ ማዳመጫ አንደኛው ጆሮዋ ላይ ነው፤ ሌላው ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ እንድትሰማ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ሠፈሩ በሙሉ «እታለም» ይላታል፤ የሚያንሳትም የሚበልጣትም። ሥራዋ ልብስ ስፌት ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያ ናት።

ቀልድ አይደለም። የአዝራር ቆርቆሮዎቿ ከተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የገጠመችላት የእህቷ ልጅ ናት። ሙዚቃው ከዚያ ተነስቶ በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ስልክ ያለው ሁሉ ሊሰማው ይችላል። የሚሰሙት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ ባለታክሲ አለ፣ አንዲት ነርስ አለች፣ ዳቦ ቤት ሊጥ የሚያቦኩ ሴቶች አሉ። ማስታወቂያ የለውም፤ ሳንቲም አያስገባም። የስፌት መኪናዋም ድምፅ አንዳንዴ አብሮ ይሰማል፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር ጣቢያው የተከፈተው ለአንድ ሰው ነው። ታናሽ ወንድሟ ከጓዳው አልጋ ላይ ከዋለ ሰንብቷል። በሽታው ግማሽ አካሉን ይዞበታል፤ አንደበቱም ተጎታች ሆኗል። በደጉ ጊዜ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አመሻሽ ላይ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። በወጣትነቱ አንድ ዜማ ደርሶ በካሴት አስቀርጿል። እታለም የየቀኑን ስርጭት የምትዘጋው በዚያ ዜማ ነው። ዜማው ሲጀምር፣ ደህና የቀረለት እጁ ከብርድ ልብሱ ላይ ብድግ ይልና ጣቶቹ በአየር ላይ ይጫወታሉ። ቀኑን ሙሉ የሚጠብቀው ይህችን ሰዓት ነው።

የሰው ነገር የምትነካ ሴት አይደለችም። ገና ስትጀምር «የሰው ሙዚቃ በነፃ ማሰማት ያሳፍረኛል» ብላ የእህቷን ልጅ አስከትላ ወደ ሙዚቃ መብት ማኅበሩ ሄዳ ነበር። ለመዝናኛ ለሚሠሩ ትንንሽ የኢንተርኔት ጣቢያዎች የሚሰጠውን ፈቃድ አወጣች፤ ለዘፈኖቹ ባለመብቶች የሚደርሰውን ክፍያ፣ ሮያሊቲውንም፣ ከስፌቷ ላይ እየቆጠበች በየዓመቱ ትከፍላለች። ፈቃዱ ደንብ አለው። የአንድ ዘፋኝ ዘፈን ከተወሰነ በላይ ማከታተል አይቻልም። ቀጥሎ የሚመጣውን ዘፈን አስቀድሞ መናገርም ክልክል ነው።

«ይኼኛው ደግሞ ለምንድን ነው?» ብላ ያኔ ጠየቀች።

«ሰው አድፍጦ እንዳይቀዳው ነዋ፣ አክስቴ።»

«ከእኔ ጣቢያ? ከነመኪናዬ ኳኳታ?»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ግን ደንቡን አንድ ቀን አላጓደለችም። ነርሷ ደውላ «ቀጥሎ ምን አለ እታለም?» ስትላት እንኳ «ሕግ ነው የኔ ልጅ፣ መናገር አልችልም» ትላት ነበር።

ይህን ያህል ተጠንቅቃ ኖራ ነው እንግዲህ አንድ ቀን ጣቢያው በመሐል ጸጥ ያለው። የእህቷ ልጅ መጥታ ኮምፒውተሩን ነካካች፤ ስርጭቱን የሚያስተላልፍላቸው ድርጅት የላከውን መልእክት አነበበች። የመዝጊያው ዜማ የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ባለመብቱ ከልክሏል፤ ዜማው እስካልወጣ ወይም ባለመብቱ እስካልፈቀደ ድረስ ጣቢያው ታግዷል ይላል።

«የወንድሜ ዜማ? ባለመብቱ ማን ሆኖ ነው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ሙዚቃ ቤቱ ነው አክስቴ። ያ ጥጉ ላይ የነበረው።»

ነገሩ የቆየ ነው። አባታቸው ልጃቸው ሙዚቀኛ ተብሎ እንዲጠራ አይፈልጉም ነበር። «ቢሮ የሚቀመጥ ልጅ አለኝ» ማለት ነበር ደስታቸው። ወንድሟም አባቱን አክብሮ፣ ስሙ ካሴቱ ላይ እንዳይጻፍ ባለ ሙዚቃ ቤቱን ለመናቸው። እሳቸውም እሺ አሉ፤ የሱቃቸው ማኅተም ብቻ ተመታበት። ማን እንደተጫወተው ያውቁ ነበርና እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን የእኔ ነው አላሉም። የባለ ሙዚቃ ቤቱ ልጅ ግን ሱቁን ዘግቶ፣ ከመደርደሪያው ያገኘውን ካሴት ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ማኅተሙ ያለበትን በሙሉ በስሙ አስመዘገበ።

«እንግዲያው ለዚያ ዜማ የከፈልኩት ሮያሊቲ ለእሱ ሲሄድ ኖሯል?» አለች።

«ከሄደም ለእሱ ነው የሚሄደው።»

እታለም ምላጯን ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ጨርቅ እንዳታበላሽ ፈርታ ነው።

በማግስቱ ወደ ማኅበሩ ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው «የተመዘገበው እሱ ነው እናቴ፤ ክርክር ካለዎት ጠበቃ ያቁሙ» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ልጅ ቢሮ ወጣች። መስታወት ጠረጴዛ፣ ለስላሳ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የአባቱ ሱቅ ፎቶግራፍ አለ። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት።

«እታለም፣ ይቀመጡ። ውሃ ይምጣልዎት?»

«ውሃውን ተወው። ያን ዜማ ማን እንደተጫወተው ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እንጂ። ጋሼ ናቸው። ተሻላቸው?»

አላውቅም ይላል ብላ ነበር የመጣችው። ቢክድ ይቀላት ነበር።

«አውቀህ ነው በስምህ ያደረግኸው?»

«እኔ እኮ አልወሰድኩባቸውም። ካሴቱ ላይ ስም የለም። እኔ ባላስመዘግበው ሌላ ሰው ያስመዘግበው ነበር።»

«በሩ ክፍት ነው፤ ሌላ ሌባ ሳይቀድመኝ ልግባ አልክ።»

ሳቀ። «እርስዎ ደግሞ። ይስሙኝማ፣ እኔ ለእርስዎ በነፃ ፈቅጃለሁ። እስከፈለጉ ያሰሙት፤ ጣቢያውንም ዛሬውኑ አስከፍታለሁ። እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ።»

መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ቀስ ብላ አነበበችው። ዜማው የሙዚቃ ቤቱ ንብረት መሆኑን በወንድሜ ስም አምኛለሁ፤ ባለቤቱ በመልካም ፈቃዱ እንዳሰማው ፈቅዶልኛል ይላል።

«ይኼ መልካም ፈቃድ ያለው ሰው ማን ነው?»

«እ... እኔ ነኝ።»

ፊቷ ጋለ። ድምፅ ከፍ ማድረግ አታውቅበትም፤ የተቆጣች ጊዜ ይልቁን ድምፅዋ ያንሳል።

«የመጀመሪያ ዩኒፎርምህን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስሜን አልጻፍኩበትም። እንግዲህ አልሰፋሁትም ማለት ነው?»

«እታለም፣ እሱ ሌላ፣ ይኼ ሌላ።»

«ሌላ መሆኑን አሳየኛ።»

ሰዓቱን አየና «ማክሰኞ ይምጡ፣ ረጋ ሲሉ ይፈርማሉ» አላት። ደረጃውን እየወረደች ያንገበገባት ይህ ነው። ነጥቆ ሲያበቃ ቸር ፈቃጅ ሆኖ ቁጭ ማለቱ ሳያንስ፣ ረጋ ሲሉ ይላታል።

ቤት ስትደርስ ወንድሟ ነቅቶ ይጠብቃት ነበር። ትራሱን አስተካክላ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ ሁሉንም ነገረችው።

«ልፈርምለት? ከፈረምኩ ነገ ትሰማዋለህ። ካልፈረምኩ በሬዲዮ አትሰማውም።»

«ለ... ማን?»

«ለዚያ ጩጬ ነዋ፣ ለባለ ሙዚቃ ቤቱ ልጅ።»

«አኮርዲዮን... መያዝ... ይችላል?»

«እሱ? ሱሪውን እንኳ መያዝ አይችል ነበር።»

ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ከዚያ እንደገና ቃል ሲፈልግ፣ ሲያጣ፣ እሷም እንዳታቋርጠው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«ስሜን ያስቀረሁት... አባቴን ፈርቼ ነው» አለ በመጨረሻ። «እሱን... አልፈራም።»

የእህቷ ልጅ ዜማውን አውጥታ ለድርጅቱ አሳወቀች፤ ጣቢያው ተከፈተ። በዚያን ቀን እታለም እንደ ሁልጊዜው አንድ ሁለት ቃል ብላ ዝም አላለችም። የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ማይክሮፎኑን ጠጋ አለች።

«እዚህ ላይ አንድ ዜማ ነበር» አለች። የተጫወተውን ሰው ስም ከነአባቱ ጠራች፤ ሁለት ጊዜ ጠራችው። «ሰው ወሰደብንና እንዳናሰማችሁ ተከለከልን። ዜማው የሚፈጀውን ያህል ዝም እላለሁ።»

ዝም አለች። የስፌት መኪናውንም አልነካችም። ባለታክሲው ወዲያው ደወለ።

«እታለም፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም የኔ ጌታ። ተወስዶ ነው።»

ወደ ጓዳው ስታይ ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኗል። ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ አንዱን ቦታ ስተው ተመልሰው ያዙት። ደስ ሊላትም ሊያስለቅሳትም አልቻለም፤ ንዴቷ ገና አልበረደላትም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የእህቷ ልጅ ደወለች።

«አክስቴ፣ ዛሬ አይደል ቀጠሮሽ? ሄድሽ ወይስ ልምጣና አብረን እንሂድ?»

«ጫማዬን አድርጌ ነበር» አለች እታለም።

«እና?»

«አወለቅኩት።»

ቢሮው እስኪዘጋ ገና ብዙ ጊዜ ነበረው። እታለም የክሩን ጫፍ በምላሷ አርጥባ፣ ወደ ብርሃኑ ዞር ብላ፣ በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት ጀመረች።