ለዳልቾ የመጣ ለቅሶ

ከግቢው በር ጀርባ የውሻ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ነፋስ ሲነካው ቀጨል ይላል፤ እኔም ብድግ እላለሁ። ውሻችን ቦቢ ከሞተ ወዲህ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል። ሲዘል ሲፈነጭ የዋለ እንስሳ በማግስቱ እህል ጠላ፣ ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋው፣ ሳይነጋ አለቀ። ልጄ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ለቆሻሻ መኪና ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ነጠላዬን አንስቼ እወጣለሁ፣ ሉማሜ ያለችው ልጄ ጋ ልሂድ ብዬ እስከ መናኸሪያው እደርሳለሁ፣ መኪናውን አይቼ ደግሞ እመለሳለሁ። “እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው የምትዞሪው?” ይለኛል አብሮኝ ያለው ልጄ። ምን ልበለው? ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ልቤ ያለው ቁይ አጠገብ፣ ካደግሁበት ቤት ነው።

ልጅ እያለሁ እኛ ቤት ዳልቾ የሚባል ውሻ ነበር። ቡችላ ሳለ አባቴ ከገበያ በጋቢው ጠቅልሎ ያመጣው፣ ጸጉሩ አመድ የመሰለ። ዝናብ ሲመታው እርጥብ ጭድ ጭድ ይሸታል፤ ያን ሽታ ዛሬም ከሺህ ሽታ እለየዋለሁ። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ቀድሞኝ ምንጩ ላይ ይጠብቀኛል። ድብብቆሽ ስንጫወት ደግሞ የተደበቅሁበት ድረስ መጥቶ ጭራውን እየቆላ ያስይዘኛል። እናቴ “ይቺ ልጅ ሁለት እግር ያላት ውሻ ሆነች፤ እሱም አራት እግር ያለው ልጅ ሆነ” ትል ነበር።

የጤፍ አጨዳ ሰሞን አንድ ቀን ብጠራው አልተነሳም። ከበረቱ ጥግ ተኝቷል። አፍንጫው ደርቋል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። እናቴ በገል ወተት አቀረበችለት፤ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ወዲያ ስል ወዲህ ስል፣ ውኃ ሳመላልስ፣ ጆሮውን ሳሻሽ ዋልኩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄጄ ብነካው በርዷል።

አባቴ ማጭዱን አንስቶ ወደ ማሳው ሲወጣ፣ “ስመለስ ጎትቼ ገደል እጥለዋለሁ፤ ጅብ ያነሳዋል” አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የአገሩ ወግ ነው። ውሻ አይቀበርም፣ ውሻ አይለቀስለትም። እኔ ግን ዳልቾ ዕድሜውን ሙሉ ሲያባርረው ለኖረው ጅብ ሊሰጥ መሆኑ አልዋጥልኝ አለ። ልጅ ደግሞ አባቱን አይከራከርም። ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ወጣሁና፣ ሰው ሲሞት ትልልቆቹ ሲያደርጉ እንዳየሁት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ጮህኩ። ዋይ! ዋይ!

እንግዲህ በእኛ አገር የማለዳ ዋይታ ቀልድ አይደለም። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል፤ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ከማዶ ጭምር ሰው ጎረፈ፤ ደረቱን እየመታ የመጣም ነበር። አባቴ ራሱ ከማሳው “እናቴን! እናቴን!” እያለ ሲሮጥ ደረሰ። አያቴ በሩ ላይ ቆማ፣ “ምን ሆነሃል? አለሁ እኮ!” አለችው።

ነገሩ ሲታወቅ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ጎረቤታችን ጋሼ ሙሉ፣ “ለውሻ ብዬ ነው ጤፌን ጥዬ የመጣሁት? ነገ ደግሞ ለዶሮህ ጥራን!” አለው አባቴን። አባቴ ፊቱ ጠቁሮ እኔን በዓይኑ ይፈልገኝ ጀመር። ይኼኔ ነው የአገሩ አልቃሽ እማማ አድና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እያለከለኩ ብቅ ያሉት።

“ሟቹ ማነው?” አሉ።

“ውሻ ነው እማማ፤ ይመለሱ” አላቸው ጋሼ ሙሉ እየሳቀ።

“አንተ ቅል ራስ! ይኼን ሁሉ አቀበት ወጥቼ ሳላለቅስ ልወርድ ነው?” ብለው በረቱ በር ላይ ዘፍ አሉ። ዳልቾን ትክ ብለው አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን አወጡት፦

ሌባውን ከእንግዳ ማን ይለያል ዛሬ፣
ጆሮ አልባ ሆነ ግቢዬና በሬ።

ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀመጡ። ለቅሶ መቼም የቆየውን ይቀሰቅሳል፤ አንዷ የሞተ ልጇን ስም ጠራች፣ ጋሼ ሙሉም ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ለካ ሰው ሁሉ ሳይወጣለት የቀረ ለቅሶ ነበረው። እናቴ ገብታ ስንዴና ባቄላ ጣደች፤ ለቀስተኛ ንፍሮ ሳይቀምስ አይሄድማ። አባቴ ቆሞ ቆሞ ዶማውን አነሳና ከአጥሩ ጥግ፣ ከብሳናው ሥር ይቆፍር ጀመር። ከሰው ጋር የመጡት ቄስ “ፍታት ብቻ እንዳትጠይቁኝ፤ አፈሩን አልከለክልም” አሉ። ዳልቾ እንዲህ ተቀበረ። ጅቡም ጦሙን አደረ።

ዛሬ ይኼ የለም። አጥሩ ብሎኬት፣ በሩ ብረት ነው፤ ጎረቤት ሰው መሞቱን የሚያውቀው ድንኳን ሲተከል ነው። ቦቢን ጡጦ አጥብታ ያሳደገችው የልጅ ልጄ ክፍሏን ዘግታ ትራሷን ነክሳ ታለቅሳለች። አባቷ በበሩ ሲያልፍ “ውሻ ነው እኮ፤ ሌላ እንገዛልሻለን” ይላታል። ደህና ልጅ ነው፤ ግን መቀመጥ አያውቅም። እሷም ድምፅ አውጥታ አታለቅስም። ሰው ምን ይላል ብላ መሰለኝ፤ ወይ ማንም እንደማይመጣ ስለምታውቅ ነው።

እኔም ስዞር የሰነበትኩት ለካ የምደርሰው ለቅሶ ቤት አጥቼ ነው። ቤቱ ደግሞ እዚሁ፣ ከመኝታዬ ቀጥሎ ነበር። ዛሬ ከመናኸሪያው ስመለስ ነጠላዬን ዘቀዘቅሁና በሯን አንኳኳሁ።

“ማነው?” አለች፣ አፍንጫዋ እንደታፈነ።

“ለቀስተኛ ነኝ” አልኳት።

ኮቴዋ ወደ በሩ ቀረበ። ከዚያ ቁልፉ ዞረ፤ ገና ሳልገባ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።