እሬቱን የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ

አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ጥጥ ትፈትላለች። ቤታችን ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወንዝ ዳር ነበር። ወንዝ ስል ክረምት ክረምት የሚያገሳ፣ በጋ በጋ አንድ እንስራ ለመሙላት የሚያስለምን ውሃ ማለቴ ነው። ከማዶ የአንድ ባላባት ግቢ አለ። ባላባቱ አይኖሩበትም፤ የሚኖሩበት ዘበኛውና ውሻው፣ ከዚያ በተረፈ ጥዱ፣ ወይራውና ጦጣዎቹ ናቸው። ከወንዙ ወዲህ ደግሞ የእኛ ጓሮ፣ ጎመንና ድንች ተዘርቶበት። ጦጣዎቹ እየተሻገሩ ጎመናችንን ስለሚጨርሱት፣ እነሱን እንዳባርር እኔ ተሹሜ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። ከሹመቱ ጋር የተሰጠኝ አንድ አርጩሜና አንድ የዛገ ቆርቆሮ ነው።

ከጦጣዎቹ ሁሉ አጥርቼ የማውቃት አንድ ጆሮዋ የተቆረጠባትን ነበር። ከመስቀል በኋላ ወለደች። ልጇ ጸጉሩ ጥቁር፣ ፊቱ ግን ትላንት የተላጠ ይመስል ሮዝ ነው። ከሆዷ ስር ተጣብቆ፣ ጡቷን ጎርሶ፣ እሷ ስትዘልም አይለቅም። ሌሎቹን በቆርቆሮ አባርራለሁ። እሷን ግን ሁለት ሦስት ቅጠል እስክትበላ ሌላ የማይ መስዬ እቆማለሁ። ጉቦ አልበላሁም እንጂ አድልዎስ አድርጌያለሁ።

እኛም ቤት ሕጻን ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዓመት ሞልቶት ሁለት ሦስት ወር አልፎታል። እናቴ እንዝርቷን ስታሽከረክር እሱ ጭኗ ላይ ተጋድሞ አንዱን ጡት ይጠባል፣ በእጁ ሌላውን ይጠብቃል፤ እንዳይወስዱበት። አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ቀና ይልና «ይሄ ልጅ ባላባት ነው፣ በሁለት ርስት ላይ ተቀምጧል» ይላል። እናቴ ስትስቅ ወንድሜ ጡቱን ሳይለቅ አብሯት ይስቃል፤ ወተቱ በጉንጩ ይወርዳል። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት እስከዚያ ዓመት ድረስ ብቻ ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ጠራችኝ። «ሂጂና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስር እሬት ቁረጪልኝ። አንድ ወፍራም ቅጠል ይበቃል። እሾሁን ተጠንቀቂ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ቢላ ይዤ ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ስለነበር ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። እያማረጥኩ ከሁሉ ወፍራሙን፣ ውሃው የሚንጠባጠበውን ቆረጥኩ። «ጎበዝ» አለችኝ እናቴ። ከዚያ ቅጠሉን ሰነጠቀችና ቢጫውን ውሃ ሁለቱም ጡቶቿ ላይ ቀባችው።

ወንድሜ እንደ ልማዱ እየዳኸ መጣ። ጎረሰ። ፊቱ ተጨማደደ፣ ምላሱን አወጣ፣ እናቱን ቀና ብሎ አያት። እኔ ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ይህንንም መናገር አለብኝ፤ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ወደ ሌላው ጡት ሄደ። ያም መራራ ሆኖ ሲያገኘው ያለቀሰው ልቅሶ ግን ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ነበር። በሦስተኛው ቀን እሬቱ ታጥቦ እንኳ አልጠጋ አለ። ከሩቅ ተቀምጦ ደረቷን እያየ ያለቅሳል።

እናቴ አርግዛ ነበር። ይህን የተረዳሁት በኋላ ነው፤ እርግዝና ለልጅ አይነገርም። በሰፈራችን ደግሞ የእርጉዝ ጡት ለሚጠባው መርዝ ነው ይባላል። ሴቶቹ «አስጥይው እንጂ፣ ልትገድይው ነው?» ብለው መከሯት። እናቴ አመነች። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አምን ነበር፤ ማን ነው ለልጁ መርዝ የሚያጠባ?

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። ድስቱ ታጠበ፣ የቅቤው ቅል ተከደነ፣ ወተት የምታመጣልን ሴትዮም ቀረች። ሕጻን ይጹም ያለ ቄስ የለም፤ ግን ቤቱ ሁሉ ሲጾም ልጁ ከየት አምጥቶ ይገድፋል? እናቴ ያላትን ሁሉ ሰጠችው። የገብስ አጥሚት ታፈላለታለች፣ የአብሽ ውሃ ትመታለታለች፣ እንጀራ በሽሮ አላልማ በጣቷ ታጎርሰዋለች። አንዱን ይውጣል፣ ሦስቱን ይተፋል። መጀመሪያ ከሳ። ከዚያ ፊቱና እግሩ ሞላ ሲል «ተመስገን፣ ወፈረ» ተባለ። ጸጉሩ ቀላ ሲል ደግሞ አባቴ «በእናቴ ወጣ፣ እሷም ቀይ ነበረች» ብሎ ደስ አለው። እብጠት መሆኑን ማን ያውቃል? እሱን የማዝለው እኔ ነበርኩና የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀርባዬ ላይ ሆኖ መራገጥ ትቷል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ እየፈተለች ሳለ ወንድሜ እንደ ምንም ድኾ ደረሰና የቀሚሷን ደረት ያዘ። እሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ወደ እኔም ገፋ አደረገችውና «ውሰጂልኝ፣ እባክሽ» አለች።

«አልወስድም!» አልኳት። «ጦጣ እንኳ ካንቺ ትሻላለች! ልጇን ጡት አትከለክልም!»

አባቴ «ምን አልሽ?» ብሎ ከጉድጓዱ ሊወጣ ተነሳ። ሸማኔ እግሩን ከጉድጓድ እስኪያወጣ ልጅ ወንዝ ተሻግሮ ይደበቃል፤ እኔ ግን አልሮጥኩም። እናቴ «ተዋት» አለችው። እንዝርቷ ቆሟል።

«የትኛዋ ጦጣ?» አለችኝ።

«ጆሮ ቆራጣዋ።»

«አትከለክለውም?»

«አትከለክለውም። ሁልጊዜ ነው የምታጠባው።»

«እህ» አለችና የተበጠሰውን ክር መቀጠል ጀመረች። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ አፍ ግን አላመለጠኝም። እንዲያማት ፈልጌ ነው ያልኩት፣ አመማትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ መቅዳቱን ከእኔ ወስዳ ራሷ ትወርድ ጀመር። ፊቴን ማየት ስላልፈለገች መሰለኝና ቂሜን ጨመርኩበት።

ፋሲካ አልፎ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። ጎመኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ ጆሮ ቆራጣዋ ወንዙን ተሻግራ መጣች። ልጇ አድጎ ፊቱ ጠቁሯል፤ ከኋላዋ በእግሩ ይከተላል። ቁጭ ስትል ከሆዷ ስር ሊገባ ሞከረ። ክንዷን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ከለከለችው። በጎን ዞረ፤ ጀርባዋን ሰጠችው። እንደገና ሲመጣ በእጇ ገፋችው። ለአራተኛ ጊዜ ሲሞክር ክንዱን ነከሰችው። ትንሹ ጦጣ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ጮኸ፣ ጸጉሩ ቆሞ ተንዘፈዘፈ። እሷ የእኔን ጎመን እያኘከች ወደ ሌላ አቅጣጫ ታያለች። የልጁ ጩኸት ከወንድሜ ጩኸት አይለይም ነበር። አርጩሜዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ወዲያው የዘበኛው ውሻ ከማዶ ጮኾ ወደ ወንዙ ወረደ። የሆነው ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ ነው። የነከሰችውን ልጅ በአንድ እጇ ከመሬት ጠርጋ ከሆዷ ጋር አጣበቀችው፣ ዘላም ከወንዙ ወዲህ ያለ አንድ ወይራ ላይ ወጣች። እዚያ ተቀምጣ፣ ውሻው ከሄደ በኋላ፣ ጸጉሩን እየከፈለች ትቀምልለት ጀመር። ጡቷን ግን አልሰጠችውም።

ነገሩ ሰባት ዓመት ለሞላው ልጅ እንኳ ግልጽ ነበር። መግፋት አለመውደድ አይደለም። ይህን ለእናቴ መንገር ነበረብኝ፤ ልነግራትም ሮጥኩ። ደጃፉ ጋ ስደርስ ወንድሜን ታቅፋ ታጎርሰዋለች፣ እሱ ከንፈሩን ገጥሟል። «ጎመኑን ለማን ትተሽ መጣሽ?» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ። በቃ፣ ይህች ቁጣ በቃችኝ። «ለማንም» ብዬ ተመለስኩ። የረታሁበትን ነገር በገዛ አፌ ላፈርሰው አልፈለግኩም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነገታውም እንደዚያው አልኩ።

ወንድሜን እንጦጦ ማርያም ጠበል ወሰዱት። ዳገቱን እናቴ ናት አዝላው የወጣችው፣ የራሷን ሆድ ይዛ። ሐኪም ቤትም ተወሰደ። እዚያ ያለው ሰው ወተትና እንቁላል አለ፤ ፍስክ ነበርና እንቁላሉም ወተቱም ተገዛ። የሚውጠው ጠፋ። በሰኔ፣ ዝናብ በጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ላይ እናቴ ጭን ላይ ሞተ። ሊወስዱት ሲመጡ የቀሚሷን ደረት ከፍታ ጡቷን አፉ ላይ አድርጋ አገኘኋት። ያ ከንፈር ሳይከፈት ቀረ።

የተቀበረው እሬት በቆረጥኩበት ቤተ ክርስቲያን ነው። እናቴ ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ሴቶቹ «ለዚህኛው ብለሽ» እያሉ ልቅሶዋን ይቆጣጠሯት ነበር። እኔ ከአጥሩ ስር ቆሜ የቆረጥኩትን ቅጠል ቦታ አየሁት። ጠባሳው ደርቋል። ከጎኑ ሌላ ቅጠል እየበቀለ ነበር።

በፍልሰታ እህቴ ተወለደች። እናቴ እሷን ጡት አላስጣለቻትም። ልጅቷ አድጋ፣ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥራ መጥታ፣ እንደ ቆመች ትጠባ ነበር። ሰፈሩ ሳቀ። እህቴ ራሷ አፍራ እስክትተው ድረስ እናቴ አንድም ቀን «በቃሽ» አላለቻትም። እሬት የሚባል ነገርም፣ ለቃጠሎ እንኳ ቢሆን፣ ቤታችን ሁለተኛ አልገባም። እኔና እናቴ አልተጣላንም፤ ተቀጥቼም አላውቅም። ግን ስታጎርሰኝ እንኳ ዓይኗ እጄ ላይ ያርፋል እንጂ ፊቴ ላይ አይውልም ነበር።

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው እኔም የልጅ እናት ሆኜ እዚያው ጉለሌ እኖር ነበር። የባላባቱ ግቢ ቤት ተሠርቶበት ጦጣዎቹ ወደ ላይ፣ ወደ ጫካው ሸሽተዋል። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ሥራ ውዬ ስገባ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። አንድ ቀን እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ተቀምጣ ሳለ፣ ልጄ ደረቴን ሲጎትት ሰለቸኝና ገፋሁት። ጠንከር አድርጌ። ወለሉ ላይ ተንከባለለና ጮኸ። ክንዴን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ቆምኩ፤ ያን ጊዜ ራሴን አየሁት።

እናቴ አጠገብ ተንበርክኬ አለቀስኩ። «እማዬ፣ ያኔ ጦጣዋ ካንቺ ትሻላለች ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር» አለች።

«እሷም ከለከለችው። ስትነክሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ከመሞቱ በፊት ነው። ልነግርሽ መጥቼ ነበር፣ በክፋቴ ተውኩት። ይቅር በይኝ።»

በእጇ ጸጉሬን ከፋፈል፣ ከፋፈል አደረገች፤ ልጅ ሆኜ ሹሩባ ስትሠራኝ እንደምታደርገው።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ውሃ ልቀዳ ስወርድ የት የምሄድ መሰለሽ? እሷን ላያት ነበር። እውነት አትከለክለው ይሆን እያልኩ ቁጭ ብዬ አያታለሁ። አንድ ቀን ስትነክሰውም አየሁ። ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የልጅ ጩኸት እየሰማሁ ደስ አለኝ። እሷም እንደኔ ናት አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አለች። «የሷ እኮ ኖረላት።»

ልጄ አሁንም ወለሉ ላይ ሆኖ ይንሰቀሰቃል። እናቴ ጎንበስ ብላ አነሳችውና ጭኗ ላይ አስተኛችው። እሱም እንደ ልማዱ ደረቷን በእጁ መፈለግ ጀመረ። እኔ ልወስደው እጄን ስዘረጋ በክንዷ መለሰችኝ። የቀሚሷን ደረት ፈታችና ከደረቀ ብዙ ዘመን የሆነውን ጡቷን አወጣችለት። ልጁ ግራ ገብቶት ቀና ብሎ አያት።

«ጥባ፣ የኔ ጌታ» አለችው። «ምንም አልቀባሁትም።»