ቤቴ ለምን ዘገየ

እንጀራዬ ሰው የጀመረውን ሕንፃ ለምን በጊዜው እንደማይጨርስ ማጥናት ነው። ደብረ ታቦር እኖራለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ የግንባታ ሥራ አመራር አስተምራለሁ። ያን ዓመት መጠይቄን ይዤ ከሥራ ተቋራጭ ወደ መሐንዲስ፣ ከመሐንዲስ ወደ ባለቤት ስሮጥ እውል ነበር። አንዱ ሲሚንቶ ጠፋ ይለኛል፤ ሌላው ዝናቡን ያማርራል፤ ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ራሱ አጓተተን ይላል። ይህን የመጨረሻውን አላምንም ነበር። ቤቱ እንዳያልቅለት የሚፈልግ ሰው የት አለ?

ማታ ደግሞ የራሴ ጉድ ይጠብቀኛል። ከከተማው ዳር የጀመርኩት ቤት መስኮት ላይ ደርሶ ቆሟል።

ቸኩያለሁ። እናቴ ገሳይ በምትባል ትንሽ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ባለፈው ክረምት ጓሮ ስትወጣ አንሸራቷት ወደቀች፤ ጎረቤት ደርሶ እስኪያነሳት ጭቃው ላይ ሆና ስትጣራ ቆየች። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ልቤ ይደልቃል። አብረን እንኑር ብላት “የኪራይ ቤትስ አልገባም፤ የራስሽን ስትሠሪ እመጣለሁ” አለችኝ። ጊዜ ሳላጠፋ መሠረት አስቆፈርኩ።

ግንበኛውን የመረጠችልኝም እሷ ናት። የጎረቤቷ ልጅ ነው፤ እጁ የተመሰገነ። ሰውዬው ግን አይጨበጥም። ዛሬ ማኅበር አለብኝ፣ ነገ ሚካኤል ነው፣ ከነገ ወዲያ የውሃ ልክ መለኪያዬ ጠፋ። ስቆጣው “መምህርት፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይለኛል። የእኔ እንቁላል ግን ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

ግንቦት መጨረሻ ላይ “ለቅሶ ደርሼ ልምጣ” ብሎ ወደ ገሳይ ሄደና በዚያው ቀረ። ስልኩን አያነሳም። አላስችል አለኝና ሌላ ግንበኛ ወስጄ ቤቱን አሳየሁት። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና “የሰው ጅምርማ አልነካም” አለ።

“ለምን?”

“እኔ የሱን ከነካሁ ነገ የእኔን ማን ይተውልኛል? እሱ ራሱ ግባበት ይበለኝና በማግስቱ እጀምራለሁ።”

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች።

የነገውን ትምህርት ሰርዤ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስደረድር፣ በሆዴ ስሳደብ ሄድኩ። ገሳይ ወርጄ ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ ልጠይቅ ወደ እናቴ ታጠፍኩ።

ግንበኛዬ እዚያው ነው። እናቴ ጓሮ፣ ጎርፍ የበላውን የጭቃ ግድግዳ አፍርሶ በድንጋይ እየገነባ። እናቴ አጠገቡ ቆማ “በዚያ በኩል ጠበቅ አርገው” ትለዋለች።

“ለቅሶው ይኼ ነው?” ብዬ ጮህኩ።

ድንጋዩን እንደታቀፈ ወደ እናቴ ዞረ። “አንቱ ይንገሯት እንጂ፤ እኔ ምን ላድርግ።”

“እሱን አትቆጭው” አለች እናቴ። “አትቸኩል ያልሁት እኔ ነኝ።”

ደሜ ፈላ። እንባዬም መጣ፤ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። “እኔ ላንቺ ብዬ ስንከራተት! አልመጣም ማለት አቅቶሽ ነው?”

“ስትደክሚ እያየሁ በምን አፌ እምቢ ልበልሽ?”

“ብትወድቂስ? ማን ያነሳሻል?”

“የሚያነሱኝማ እዚህ ናቸው። አምና ያነሳችኝ የዚህ ልጅ እናት አይዶለች? እዚያ አንቺ ጠዋት ትወጫለሽ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር ልዋል?”

“ማታ ማታ ከእኔ ጋር ነዋ!”

የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ፊቴን ጠረገችልኝ። “ተይ ልጄ። ዛሬስ የመጣሽው ይኼን ልጅ ፍለጋ አይዶለም?”

ግንበኛው ድንጋዩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ከደብረ ታቦር ገሳይ ቅርብ ናት፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። እኔ ግን ከጥምቀት ወዲህ እግሬ አልረገጣትም። እናቴን ከጎኔ ላኖራት ቤት ስሠራ፣ እናቴን ሳላያት ከርሜያለሁ።